ወረፋው ሲያጥር

ፒያሳ ላይ ዲቪ በመሙላት ነው የኖርኩት። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ግድግዳዋ ላይ ነጭ አቡጀዲ የተወጠረባት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። በየዓመቱ ደመራ ተለኩሶ መስከረም ሊያልቅ ሲል ሰው በሬ ላይ ይሰለፍ ነበር። «መነጽርህን አውልቅ፤ ነጠላሽን አውርጂ፤ ቀና በል» እያልኩ አነሳለሁ። ፎቶውን 600 በ600 ፒክስል እቆርጣለሁ፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ትዳር፣ ልጅ እሞላለሁ፤ የማረጋገጫ ቁጥሩን አትሜ እሰጣለሁ። ዕጣው የሚታወቀው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ስለነበረ፣ ወረቀቱን እስከዚያ የማይጥል ደንበኛ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ቁጥሩንም ፎቶውንም ፍላሼ ላይ አስቀምጥላቸው ነበር።

እንጀራዬን የሰጠኝ ራሱ የደንብ ለውጥ ነው። ዲቪ ድሮ በፖስታ ነበር የሚላከው። በ1996 ዓ.ም. በኢንተርኔት ብቻ ይሁን ሲባል፣ ኮምፒውተር የሌለው ሁሉ ወደ እኛ ቢጤዎች መጣ።

በ2012 መስከረም ደግሞ ሌላ ደንብ መጣ፦ ፎርሙ ላይ የፓስፖርት ቁጥር የሌለው አይሞላም። ወረፋዬ በአንድ ጊዜ ተመናመነ። ገበያዬ ሲቀዘቅዝ ማዘን ነበረብኝ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ለዱባይ ብዬ ያወጣሁት፣ አንድም ማኅተም ያላረፈበት ፓስፖርት መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ለዓለም ሁሉ በዓመት የሚሰጠው የዲቪ ቪዛ ከ55,000 አይበልጥም ነበር፤ የሚሞላው ሰው ካነሰ የእኔ ዕድል ሰፋ ማለት ነው። ይህን ስሌት ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለሰው የምናገረው ሌላ ነበር፦ «ጥሩ አደረጉ! አገሩን ሁሉ ሎተሪ ጠባቂ አደረጉት እኮ። አሁን የምሩን የሚፈልግ ብቻ ይቀራል።»

በዚያው ሰሞን ከሠፈሩ ምግብ ቤቶች በአንዱ እንጀራ የምትጋግር ደንበኛዬ መጣች። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ጋ ነው የሞላችው። ብሯን በመሐረብ ጥግ ቋጥራ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሳልጠራት አቡጀዲው ፊት ቆመች። ካሜራውን ሳላነሳ «ፓስፖርት አለሽ?» አልኳት።

«ዕጣው ሳይወጣልኝ ፓስፖርት ምን ይሠራልኛል፣ ወንድሜ?»

የቀበሌ መታወቂያ እንኳ አልነበራትም። ከየት ጀምራ፣ ምን ይዛ፣ የት እንደምትሄድ ልነግራት እችል ነበር፤ ሥራዬም ያው ነው። «እንግዲህ ዘንድሮ ለእኛ ልቀቂልን» ብዬ ሳቅሁ። አብረውኝ የነበሩትም ሳቁ። መሐረቧን መልሳ ብብቷ ውስጥ ከተተችና «ይቅናችሁ» ብላ ወጣች። አነጋገሯ የምር ነበር፤ አሽሙር ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

አልደረሰኝም። ደንቡን በ2014 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ሰረዘው። እሷ ግን አልተመለሰችም። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የእኔም በር አብሮ ስለሄደ፣ ብትመለስም አታገኘኝም።

በ2017 ሚያዝያ የታናሽ እህቴ ዕጣ ወጣ። እናቴ እልል አለች፤ አጎቶቼ ለአውሮፕላን ትኬት ማዋጣት ጀመሩ። እህቴ ኢንተርቪው የሚያሲዝ ኢሜይል ስትጠብቅ፣ ታኅሣሥ 2018 ላይ ዲቪ ይቁም የሚል ትእዛዝ መጣ። ጥር 13፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ደግሞ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት ቆመ። የተሰጠው ምክንያት መጤዎቹ የመንግሥት ድጎማ ጥገኛ ይሆናሉ የሚል ነው። እህቴ ነርስ ናት።

በዚያ ሳምንት ቶሞካ ቡና ቤት ቆሜ ማኪያቶ ስጠጣ ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር። አንዱ ከሐምሌ ጀምሮ የጉብኝት ቪዛ እንኳ ለአንድ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ መሆኑን እያነሳ ያማርራል። ሌላው ያሟርታል። አጠገቤ የቆሙ ሽበታም ሰው ስኒያቸውን አስቀምጠው «እንኳን ቆመ! ወጣቱ ትንሽ ይርጋ» አሉ።

ደሜ ፈላ። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ግን የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው፤ የ2012ቱን። ቃሉም፣ የአገር ተቆርቋሪ መምሰሉም ያው ነው። ስለዚህ ክርክሩን ትቼ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሞልተው ያውቃሉ?»

ዝም አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አሥራ አንድ ዓመት» አሉኝ። «ለእኔ ያልሆነ ለማን ቢሆን ምን አገባኝ?»

ልቆጣቸው አልቻልኩም። ያኔ እኔ በሌላው መቅረት የተደሰትኩት ተስፋ ስለነበረኝ ነው፤ እሳቸው ተስፋ ስለጨረሱ ነው። የማኪያቶአቸውን ከፈልኩና ወጣሁ።

የእህቴ ዕጣ መስከረም 20 ቀን 2019 ዓ.ም. ዋጋ ያጣል። ባለፈው ሰንበት የእሷን ሰነድ ስፈልግ የድሮውን ፍላሽ ከፈትኩት። የዚያች ደንበኛዬ ፎቶዎች በነጩ አቡጀዲ ላይ፣ በየዓመታቸው ተቀምጠዋል፦ የ2009፣ የ2010፣ የ2011። የ2012ቱ የለም።