ማን ላይ ነው የሳቅነው?

ባለፈው ዓመት በገጼ ላይ የለጠፍኳት አንዲት አጭር ጽሑፍ፣ ለወራት ከለፋሁባቸው ዘገባዎች ሁሉ በላይ ተነበበችልኝ። ስለ አንዲት የሰፈራችን እናት ነበረች። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብለው ተነስተው የልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ የሚያርፉ፣ ወሬ ጀምረው የማይጨርሱ እናት ናቸው። ስማቸውን አልጠቀስኩም፤ አነጋገራቸውን ግን እንዳለ ቀዳሁት። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ኮራሁ።

ከሳምንት በኋላ እናቴ ደወለችልኝ።

"እትዬን እኮ ያንተን ጽሑፍ አነበቡላቸው።"

"ምን አሉ?"

"ምንም አላሉም። መጥተው ቡናቸውን ዝም ብለው ጠጥተው ሄዱ።"

እትዬ ዝም ብለው! ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ትዝ ያለኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለፈተና ብዬ ያነበብኩት የጄን ኦስተን "ኤማ" ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1815 መጨረሻ የወጣ ነው። ብዙ ሰው የፍቅርና የጋብቻ ታሪክ ይለዋል፤ ነውም። ለእኔ ግን ነገሩ ሁሉ የሚዞረው ቦክስ ሂል በሚባል ኮረብታ ላይ በተነገረች አንዲት ቀልድ ነው።

ኤማ ሀብታም፣ ቆንጆና ብልህ ወጣት ናት። ሚስ ቤትስ ደግሞ የቀድሞው የደብሩ ቄስ ልጅ፣ ያላገቡ፣ አሮጊት እናታቸውን የሚጦሩ፣ ከድሮ ኑሯቸው ወርደው በጎረቤት ደግነት የሚደገፉ፣ ሲያወሩ ማቆሚያ የሌላቸው ሴት ናቸው። ሽርሽር ላይ ጨዋታ ይጀመራል፤ እያንዳንዱ ወይ አንድ የረቀቀ ነገር፣ ወይ ሁለት መካከለኛ፣ ወይ ሦስት ፈዛዛ ነገር ይናገር ይባላል። ሚስ ቤትስ በራሳቸው እየቀለዱ ሦስት ፈዛዛ ነገር መናገር እንደማያቅታቸው ሲገልጹ፣ ኤማ "ከሦስት እንዳይበልጥ መጠንቀቁ ይከብድዎታል" ዓይነት ነገር ጣል ታደርጋለች። ሴትዮዋ ነገሩ የሚገባቸው ቆይቶ ነው። ሲገባቸው አይቆጡም፤ ፊታቸው ብቻ ይቀላል።

ኋላ ሚስተር ናይትሊ ኤማን ለብቻዋ አግኝቶ ይወቅሳታል። ክርክሩ ግልጽ ነው። ሴትዮዋ በሀብት እኩያዋ ቢሆኑ ኖሮ እሱም በዝምታ ያልፈው ነበር። ነገር ግን ድሃ ናቸው፤ ሲያረጁ ደግሞ የባሰ ይቸገራሉ። ኤማን አይቶ የሚከተላት ሰውም ብዙ ነው።

የኦስተን ጭካኔ እዚህ ላይ ነው። እስከዚያ ገጽ ድረስ እኛም አንባቢዎቹ በሚስ ቤትስ ስንስቅ ነው የከረምነው። ያሳቀችንም ራሷ ደራሲዋ ናት። ስለዚህ ወቀሳው ለኤማ ብቻ አይደለም።

ታዲያ አንሳቅ ወይ? እንደሱ አይደለም። ቻርልስ ዲከንስ ከ1855 እስከ 1857 በየወሩ በክፍል በክፍል ያወጣውን "ሊትል ዶሪት" ተመልከቱ። ዘመኑ የክራይሚያ ጦርነት የእንግሊዝን ቢሮክራሲ ገበና ያወጣበት ነው። ዲከንስ አንድ መሥሪያ ቤት ፈጠረ፤ በእኛ ቋንቋ "የዙሪያ ጥምጥም መሥሪያ ቤት" ብንለው ያስኬዳል። ዋና ሥራው ነገሮች እንዳይሠሩ ማድረግ ነው። ወንበሮቹን የያዙት የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ሲሆኑ፣ የቤተሰቡ ስም ከመርከብ ሆድ ላይ ተጣብቆ ከሚኖር የባሕር ፍጥረት የተወሰደ ነው። አርተር ክሌናም የሚባል ባለጉዳይ አንድ ነገር ለማወቅ ብሎ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንገላታ ስታነቡ፣ "ሲስተም የለም" ተብላችሁ የተመለሳችሁበት ቀን ትዝ ይላችኋል።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ በዕዳ የታሰረ አንድ አባት አለ። ከሃያ ዓመት በላይ እስር ቤት ኖሮ እንደ መኳንንት የሚንጠባረር፣ ከጠያቂዎቹ የሚቀበላትን ሳንቲም ግብር ያስመስላት ሰው ነው። ያስቃል። ግን ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ዲከንስ 12 ዓመት ሲሞላው፣ በ1824፣ የገዛ አባቱ በዕዳ የታሰሩት እዚያው ማርሻልሲ እስር ቤት ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ላይ ያለ ርኅራኄ ይስቃል፤ በእስረኛው ላይ ሲስቅ ግን እጁ ይለሰልሳል።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ማይክ ይዞ መንገድ ላይ የደከመ ሰው አስቁሞ ማሳቅ ዛሬ እንጀራ ሆኗል። ተሳላቂው አይከስም፣ አይደውልም፣ ከሥራ አያስባርርም። ርካሽ ሳቅ ነው።

የእኔም እንዲያው ነበረች። እውነቱን ልናገር? በዚያው ሰሞን ስለ አንድ መሥሪያ ቤት የጀመርኩት ዘገባ ነበረ። ቋሚ ቅጥር የሌለው ጋዜጠኛ ችግር ቢመጣበት ከጀርባው የሚቆምለት የለም፤ ፈራሁና ተውኩት። የእትዬን ወሬ የጻፍኩት እጄ ሥራ በፈታበት በዚያ ሳምንት ነው። ኃይለኛውን ፈርቼ፣ የማይመልሱልኝን እናት አገኘሁ።

ኤማ ሚስ ቤትስን ልትጠይቅ የሄደችው በማግስቱ ጠዋት ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ጽሑፉን አጥፍቼ፣ የተውኩትን ዘገባ እንደገና ከፍቼ፣ ስኳርና ቡና ይዤ ሄድኩ። ይቅርታ ስጠይቅ "ተው ልጄ፣ ምን አደረግህ" አሉኝና ጀበናውን ጣዱ። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ።

ወሬያቸው ግን አጭር ነበር።