የካሬዋ ስክሪን ዘመን

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሆሳዕና ውስጥ ኮምፒውተር ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ የሚመጣበት ሽታው ይመስለኛል፤ የፎቶ ኮፒው የጋለ ቀለም፣ ከደጅ የሚገባው ዝናብ የነካው አፈር፣ ከጎረቤት የሚቆላው ቡና፣ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ከገበያ መልስ ማመልከቻ ሊያስጽፉ ጎራ ያሉ እናቶች ቅቤ። እኔም በዚያ ሽታ መሃል ነበር ጸሐፊ ሆኜ የተቀጠርኩት። ትልቁ ኮምፒውተር ዳንቴል ለብሶ ነበር የሚያድረው። ዳንቴሉን እትዬ፣ የሱቁ ባለቤት፣ በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት፤ ጠዋት ጠዋት እሱን አጥፌ ሳላስቀምጥ ማብሪያውን መንካት አይፈቀድልኝም ነበር።

መብራት ሲሄድ ግን (በዚያ ዘመን ደግሞ መብራት መሄድ ይወድ ነበር) ከመሳቢያ የምትወጣ አንዲት ጥቁር ላፕቶፕ ነበረችን። አይቢኤም የላፕቶፕ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2005 ለሌኖቮ ከመሸጡ በፊት የተሠራች ቲንክፓድ ናት፤ ከአዲስ አበባ አገልግላ የመጣች፣ በፊደሎቹ መሃል ቀይ ነጥብ ያላት፣ ክዳኗ እንደ ጣውላ የከበደ። ስክሪኗ 15 ኢንች፣ ቅርጿ ወደ ካሬ የተጠጋ፣ ፊቷም ማት። ያን ጊዜ ውበት የሚባል ነገር አላየሁባትም። ደብዛዛ፣ ግራጫ፣ ቀለሟ ያላማረ፤ ፊልም ስንከፍትባት ሰማዩ ራሱ ክረምት ይመስል ነበር።

የሱቃችን በር ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል ብርሃኑ ደጃፉን አልፎ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተደረደሩትን ባለጉዳዮች ጉልበት አልፎ፣ ቀጥ ብሎ ስክሪኑ ላይ ያርፍ ነበር። ቲንክፓዷ ያኔ ትገረጣለች እንጂ ጽሑፉ አይጠፋባትም። የማት ስክሪን ፊት ለዓይን በማይታይ መጠን ሻካራ ስለሆነ የመጣበትን ብርሃን ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል፤ አንጸባራቂው ግን ልስልስ ነውና የመጣውን እንዳለ ይመልሰዋል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ባለጉዳይ አስተማረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደቡብ አፍሪካ የዓለም ዋንጫ ባዘጋጀች ማግስት በመጣው መስቀል፣ የ2003 ዓ.ም. ያሆዴ መሆኑ ነው፣ እዚያው ይሠራ የነበረ የእትዬ ወንድም ለበዓሉ መጣ። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሐዲያው ለያሆዴ፣ ከምባታው ለመሳላ። ቤቱ ሞልቶ፣ የበዓሉ ምግብ አታካና ቀርቦ፣ ቅቤው በጣታችን ላይ እየተንጠባጠበ ሳለ ሰውየው ከሻንጣው አንድ አዲስ ቶሺባ አወጣ። ሰፊ፣ 15.6 ኢንች፣ ፊቱ እንደተወለወለ መስታወት። ሳይበራ እንኳ ክፍሉ በሙሉ ውስጡ ይታይ ነበር። እኔ ሹልክ ብዬ ተጠግቼ ጸጉሬን ሳስተካክልበት ማንም እንዳላየኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ማታ ማታ የእሱ ንግሥና ነበር። መብራት ጠፍቶ፣ ኩራዝ ራቅ ብሎ ተቀምጦ መዝሙር ስንከፍት ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ እውነቱን ለመናገር በጨለማ ቤት አንጸባራቂ ስክሪንን የሚያህል የለም። አንድ ነገር ብቻ ነበር። የዚያ ዘመን የመዝሙር ሲዲዎች ለካሬ ቴሌቪዥን የተቀረጹ ስለነበሩ ሰፊው ስክሪን ወደ ጎን ይለጥጣቸው ነበር፤ የኳየሩ ልጆች ሁሉ ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ትከሻቸው ሰፍቶ ሲዘምሩ እናቶች «ተመስገን፣ ተመችቷቸዋል» ይሉ ነበር።

ቶሺባው ሱቅ የገባ ዕለት ግን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ሽማግሌ ስለ መሬት ክርክር አቤቱታ ሊያስጽፉ መጡ። ጽፌ ስጨርስ እንደ ልማዴ ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩት። አባባ ጎንበስ አሉ፣ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ ጽሑፉ የታለ? እኔ የማየው እኔኑ ነው።» ከኋላቸው ደግሞ መንገዱ፣ ባጃጁ፣ ሰማዩ ሁሉ ተደርድሯል። እትዬ ጋቢያቸውን በር ላይ ሰቀሉልን፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ በጋቢ ጥላ ሥር ነው የጻፍነው።

ስፋቱም ቢሆን እንደታሰበው አልነበረም። ስክሪን የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ስለሆነ 15.6 ከ15 የሚበልጥ ይመስላል፤ በማስመሪያ ብትለኩት ግን የአሮጊቷ ቲንክፓድ ቁመት 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የአዲሱ 19 ተኩል ነው፣ ጠቅላላ ስፋቱም በጥቂቱ ያንሳል። የነጥቦቹም ነገር ያው ነው፤ የእሷ 1024 በ768፣ የእሱ 1366 በ768። ወደ ጎን አደገ እንጂ ወደ ላይ አንዲት መስመር አልጨመረም፤ ፊደሉ ብቻ አነሰ። ማመልከቻ ደግሞ የቁመት ነገር ነው። በፓወር ግዕዝ «ጉዳዩ» ብለን ጀምረን ወደ «ከሰላምታ ጋር» ለመውረድ በቶሺባውም ላይ ያው ገጹን ደጋግሞ ማንከባለል ነበር፤ በግራና በቀኝ የተረፈው ባዶ ሜዳ ለማንም አልጠቀመ።

ለምን እንዲያ እንዳደረጉት የገባኝ ቆይቶ ነው። ፋብሪካዎቹ የላፕቶፑንም የቴሌቪዥኑንም መስታወት በአንድ ልክ መቁረጥ ረክሶላቸው ነው፤ ለፊልም የተቆረጠው ልብስ ለጸሐፊውም ተሰጠው። ዓመታት አልፈው እነሱም መለስ አሉ፦ ዴል እ.ኤ.አ. በ2020 በኤክስፒኤስ 13፣ ሌኖቮም በ2021 በቲንክፓድ ኤክስ1 ካርበን ስክሪኑን ወደ 16 በ10 አስረዘሙት። ለሥራ የሚሸጡትም አብዛኞቹ ማት ናቸው። ይህን ስሰማ ለዚያች ጥቁር አሮጊት ደስ አለኝ፤ ያለ ብልጭልጭ፣ ያለ ጋቢ፣ ስንት ሰው አቤቱታውን በዓይኑ አንብቦ ፈርሞባታል።

አሁን ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ ኮምፒውተር ቤት ልትከፍቱ ላሰባችሁ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ላፕቶፕ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ በመብራት አትዩት፤ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ደጅ አውጡትና ፀሐይ ላይ አብሩት። ፊታችሁን ካያችሁበት አመስግናችሁ መልሱለት።