በጥቂት ስንቅ የሚዘለቅ አገር፦ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ተያይዘው የሚገኙ፣ ከጉና ተራራ ትከሻ ተነሥተው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች የሚወርዱ አገሮች ናቸው። ጋይንት ዛሬ በላይና በታች ተከፍሎ የላይ ጋይንት መቀመጫ ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንት አርብ ገበያ ሲሆን፣ የስማዳ ወገዳ፣ የምሥራቅ እስቴ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ሲልክ፣ በሌላው ጎኑ የሚወርዱት ጅረቶች በጥልቅ ገደል እየተሰነጠቁ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ስለሚሄዱ፣ አንድ መንገደኛ ጠዋት ውርጭ በመታው የገብስ ማሳ ጀምሮ ማታ ማሽላ በሚበቅልበት ቆላ ሊያድር ይችላል። ይህን አገር ለመረዳት ከወረዳ ድንበሩ ይልቅ የእግረኛ መንገዱን መከተል ይበጃል፤ መንገዱን ለዘመናት የረገጡትም በአብዛኛው ገንዘብ የሌላቸው፣ ስንቃቸው ጥቂት፣ ሀብታቸው ጓደኛቸው የሆነ ወጣቶች ናቸው።

እንዲህ ያሉ መንገደኞች በሌላውም ዓለም አሉ፤ በእስያ ታላላቅ ከተሞች ዕቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ከጓደኞቻቸው ጋር በትንሽ ወጪ የሚዘዋወሩ ወጣቶች የራሳቸው ሰፈር አላቸው። ከእነዚህ ሁሉ ዝነኛው በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ የሚገኘው የካኦ ሳን ጎዳና ነው፤ ስሙ በታይ ቋንቋ የተፈተገ ሩዝ ማለት ሲሆን፣ የሩዝ ገበያ የነበረው ይህ ጎዳና እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የርካሽ ማደሪያዎች መንደር ሆኗል። በኢትዮጵያም በጥቂት ስንቅ የሚጓዘው ወጣት ስሙን ያገኘው ከእህል ነው፤ የቆሎ ተማሪ ይባላል። ልዩነቱ የካኦ ሳኑ መንገደኛ ርካሽ አልጋ ከብዙ አልጋዎች መካከል ሲመርጥ፣ የቆሎ ተማሪው ግን የሚያድርበትንም የሚበላውንም የሚያገኘው ከማያውቀው ገበሬ ደጅ መሆኑ ነው፤ ይህ የሚቻለው ደግሞ ሕዝቡ መንገደኛን መቀበል እንደ ግዴታ ቆጥሮ ሥርዓት ስላበጀለት ነው።

የቆሎ ተማሪ የሚባለው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ፍለጋ ከወላጆቹ ቤት ርቆ ከመምህር ወደ መምህር የሚዞር ልጅ ወይም ጎልማሳ ነው። ንባብ በትውልድ መንደሩ ሊማር ይችላል፤ ዜማ፣ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ግን የየራሳቸው ዝነኛ ደብሮች ስላሏቸው፣ ትምህርቱ ራሱ ተማሪውን አገር ለአገር ያዞረዋል። ቅኔ ፈላጊው ወደ ጎጃም ዋሸራ ወይም ወደ ዋድላ፣ ተክሌ የተባለውን አቋቋም (በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚቀርበውን ዝማሜ) የሚሻው ወደ ደብረ ታቦር ሲያቀና፣ ዜማን ከምንጩ ልቅዳ ያለው ወደ ጋይንትና ወደ እስቴ ይመጣል። የሦስቱ አገሮች ክብር የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ከዋና ከተሞች የራቀው ይህ ደጋ ለመላ አገሪቱ ዜማ መስካሪ ሆኖ ኖሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ ለዓመቱ በዓላትና ወቅቶች ደረሰው የሚባለው ታላቁ የዜማ መጽሐፍ ሲሆን፣ ቃሎቹ አናት ላይ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉ ምልክቶች እየሰፈሩበት ድምፁ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ ያመለክታል። ማስመስከር ማለት ደግሞ በሌላ ቦታ ድጓ የተማረ ሰው ወደ ቤተልሔም መጥቶ ዜማውን በመምህሩ ፊት አሰምቶ፣ ተርሞና ተመርምሮ፣ ሊያስተምር እንደሚችል ምስክርነት መቀበሉ ነው። እዚያው ጋይንት ያለችው ዙር አምባ፣ አንዳንዶች ዙር አባ የሚሏት፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት፤ ዝማሬ ከቁርባን በኋላ፣ መዋሥዕት ለሙታን መታሰቢያ የሚባል ዜማ ነው። በእስቴ ያለችው ቆማ ፋሲለደስም የራሷ የድጓ ስልት ስላላት፣ ሊቃውንት የድጓን ስልቶች ሲቆጥሩ ቤተልሔምንና ቆማን ከጎጃሙ አጫብርና ከሸዋው ተጉለት ጋር ያነሣሉ። ከአራቱ ሁለቱ በእነዚህ አጎራባች አገሮች መገኘታቸው በአካባቢው ያለውን የትምህርት ጥልቀት ያሳያል።

ወደ እነዚህ ደብሮች የሚሄደው ተማሪ ብቻውን አይነሣም። ሁለት ሦስት ጓደኞች ይማከራሉ፤ የክረምቱ ሙላት ጎድሎ ወንዝ የሚያሻግርበትን ጊዜ ይጠብቃሉ፤ አንዱ የሚያውቀውን መምህር፣ ሌላው የሚያውቀውን አቋራጭ ይናገራል። ዕቃቸው በጣት ይቆጠራል። ደበሎ ከበግ ቆዳ የሚሠራ ካባ ሲሆን ቀን ልብስ፣ በዝናብ መከለያ፣ ማታ አንጥፈው የሚተኙበት ነው፤ አኮፋዳ ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ የምግብ መያዣ ነው፤ ዱላው ለዳገቱ፣ ከዳገቱም ይልቅ ለውሻው ያስፈልጋል። ስንቃቸው ቆሎና በሶ ነው። በሶ የተቆላና የተፈጨ ገብስ በመሆኑ ድስትም እሳትም አይሻም፤ መንገደኛው ከምንጭ አጠገብ ተቀምጦ ጥቂት ዱቄት በቅል ክዳን ላይ ያፈስሳል፣ ውሃ ጠብ እያደረገ በጣቱ ያሸዋል፣ ጨው ካለው ጨው ጣል ያደርግበታል፣ ከዚያም በመዳፉ ጨብጦ ጭብጦውን ለጓደኞቹ እኩል እኩል ያካፍላል። ስንቁ የሦስት ቀን ከሆነና መንገዱ አምስት ቀን ከወሰደ የቀሩትን ሁለት ቀናት የሚሸፍነው መንደሩ ነው።

ትምህርት ቤት ከደረሱ በኋላም ኑሮው የሚቀጥለው በዚሁ የመንገደኛ ሥርዓት ነው። ተማሪዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጠባብ የሣር ጎጆ ሠርተው ይኖራሉ፤ የኔታ እያሉ ለሚጠሯቸው መምህር የትምህርት ዋጋ በገንዘብ አይከፍሉም፣ እንጨት ይለቅማሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ በእርሻ ይረዳሉ። ለምግብ መንደሩን ተከፋፍለው ይወጣሉ፤ በየደጁ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ፣ ትርጓሜውም ስለ ማርያም ስም ማለት ነው። የቤቱ እመቤት ያላትን ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ትሰጣለች፤ ከሌላት «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትሸኛለች፣ ተማሪውም ቅር ሳይለው ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። የተረፈው ቁራሽ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆንና ለክፉ ቀን ይቀመጣል፤ የታመመ ጓደኛ ካለ ድርሻው ከሌሎቹ አኮፋዳ ይወጣለታል። ይህን ልማድ ልመና ብቻ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል፤ የጋይንት ገበሬ ለድጓው መምህር ደመወዝ ባይከፍልም ተማሪውን በማብላቱ ትምህርት ቤቱን ለዘመናት በየዕለቱ ቁራሽ ያቆመው እሱ ነው።

ቤተልሔም ለውጭው ዓለም ሊቃውንት የታወቀችውም በአንድ ወጣት መንገደኛ ነው። ቶማስ ፓክነሃም የተባለው እንግሊዛዊ ከኦክስፎርድ ትምህርቱን እንደጨረሰ እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በበቅሎና በእግር ሲዘዋወር ጋይንት ደረሰ፤ ከውጭ ሲያዩት እንደማንኛውም የገጠር ደብር ክብ የሣር ክዳን በሚመስለው ሕንፃ ውስጥ ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ፣ የአክሱምን የአሠራር ስልት የጠበቀ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ተሸፍኖ አገኘ። የጉዞውን ታሪክ በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ለአንባቢ አቅርቧል። ይሁንና አገኘ የሚለው ቃል በልኩ መያዝ ይገባዋል፤ ሕንፃውን ሳያቋርጡ ሲያገለግሉበት ለኖሩት ካህናትና ዙሪያውን ጎጆ ቀልሰው ድጓ ለሚማሩት ልጆች ቤተልሔም ጠፍታ አታውቅም።

ዛሬ ወደዚህ አገር የሚመጣ አብዛኛው ሰው የሚገባው በነፋስ መውጫ በኩል ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ስሟን ያለ ምክንያት አላገኘችም፤ ከሸለቆው የሚወጣው ነፋስ ማታ ማታ ሰዉን ጋቢውን እስከ ጆሮው ያስጠቀልለዋል። ከተማዋን ያሳደጋት ከወረታ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው አውራ ጎዳና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቻይና መሐንዲሶች የተጀመረ በመሆኑ ሕዝቡ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። በዚህ መንገድ ከባሕር ዳር የሚነሣ፣ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ የሚታጠፍ መንገደኛ ነፋስ መውጫን የሚያውቃት አውቶቡሱ ለምሳ በሚቆምበት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ አውሮፕላን ትቶ አውቶቡስ የመረጠ ጎብኚ፣ አንዲት ሌሊት ጨምሮ ቢያድር የዚህን ደጋ ድንችና ገብስ ቀምሶ፣ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ከየደብሩ የሚሰማውን ዜማ አዳምጦ ይሄድ ነበር፤ ላሊበላን ለማየት የሚጣደፍ ሰው በላሊበላ የሚሰማው ዜማ የተመሰከረበትን አገር በመስኮት ብቻ አይቶ ማለፉ ያሳዝናል።

ከነፋስ መውጫ በስተምሥራቅ፣ ደጋው ጠቦ ግራና ቀኙ ገደል በሚሆንበት ስፍራ ጨጨሆ ትገኛለች። የጨጨሆ መድኃኔ ዓለም ጸበል ከሩቅ አገር ምዕመናንን ይስባል፤ እነዚህም ተሳላሚዎች እንደ ተማሪዎቹ ስንቃቸውን ቋጥረው በቡድን የሚመጡ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስወረዱትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት አድርገው ነው፤ ጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ወራትን የፈጀው መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተደለደለ ስለነበር ነው። እግረኛ በቀናት የሚዘልቀውን መንገድ የንጉሥ ሠራዊት በወራት መጨረሱ ሸክም በዚህ አገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያል።

ስማዳ ከጋይንት በስተደቡብ ወደ ቆላው የሚወርድ፣ በበሽሎ ከደቡብ ወሎ የሚለይ ወረዳ ነው። አፈሩ ተሸርሽሯል፣ ዝናቡ አይታመንም፤ ስማዳም ሁለቱም ጋይንቶችም በድርቅ ተደጋግመው የተጎዱ፣ ሴፍቲኔት በሚባለው የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር የታቀፉ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ በሕዝቡ ላይ፣ በተለይም በሴቶች ላይ፣ ከባድ በደል ተፈጽሟል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭትም መንገዱን ለተማሪውም ለነጋዴውም ለተሳላሚውም አስጨናቂ አድርጎታል። ስለ እንግዳ ተቀባይነቱ ሲነገር ይህ ሊረሳ አይገባም፤ ቁራሹን ለተማሪ የሚያካፍለው ገበሬ ከተረፈው ሳይሆን ከሚያስፈልገው ቀንሶ የሚሰጥ ነው።

በሦስቱም አገሮች የማደሪያው ሥርዓት አንድ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገደኞቹ ከግቢው አጥር ውጭ ቆመው፣ ውሻው እስኪያዝ ጠብቀው፣ «ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን፣ አሳድሩን» ይላሉ። አባወራው ከየት እንደመጡና ወዴት እንደሚሄዱ ከጠየቀ በኋላ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ይላል። ውሃ ሞቆ እግራቸው ይታጠባል፤ መደብ በሚባለው ከጭቃ በተሠራ ከፍታ ላይ አጎዛ ይነጠፍላቸዋል፣ ባና የሚባለው የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ይጨመርላቸዋል። እንግዳው በፋንታው ወሬ ያመጣል፤ ያለፈበት አገር ዝናብ እንዴት እንደሆነ፣ የገበያው ዋጋ፣ የወንዙ ሙላት ይነገራል። ተማሪ ከሆነ ለቤቱ ሰዎች ጸሎት ያደርሳል፣ የታመመ ካለም ዳዊት ይደግምለታል። ጠዋት እንግዶቹ ወደ ገበያ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር እንዲቀላቀሉ ይደረጋል፤ በማያውቁት አገር ገበያተኛን ተጠግቶ መሄድ የመንገደኛ ዋና ጥበቃ ነው።

እስቴ በስተደቡብ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም ጋር የሚገናኝ የበጌምድር በር ሆኖ ኖሯል። ከእስቴ ወገን ወደ ሞጣ የሚወስደው ጥንታዊ መንገድ ዓባይን የሚያቋርጠው እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 በነገሡት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጠላት ጦር እንዳይሻገር ቅስቱ በመሰበሩ ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱ የድልድይ ጉማጆች ላይ የቆሙ ሰዎች እየለቀቁና እየጎተቱ፣ ከሥሩ ዓባይ እየጮኸ ወዲያ ማዶ ይደርስ ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2001 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ያየው አሜሪካዊው የግንባታ ባለሙያ ኬን ፍራንዝ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ፣ በ2002 ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ። በ2005 ጎርፍ ብረቱን ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ከሙላቱ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የጎጃሙ ተማሪ ወደ ቆማና ወደ ቤተልሔም፣ የእስቴው ተማሪ ወደ ጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ ገበያተኛውም ወደ ሞጣ፣ አኮፋዳውን፣ ስልቻውን ወይም ሕፃኑን እንዳዘለ በተንጠለጠለው ድልድይ ላይ በሰልፍ ይሻገራል፤ የተሰበረው የፋሲለደስ ድልድይም እዚያው ቆሞ ይታያል።