ኮምፒዩተራችን ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ዛሬ የማጫውታችሁ በብዙዎቻችን ቤት ስለሚነሳ ጥያቄ ነው። «ማሚ፣ ኮምፒዩተራችን አርጅቷል፤ ጌም አያጫውትም፤ አዲስ ግዙልኝ!» ይህን ያላለ ልጅ ወይም ይህን ያልሰማ ወላጅ ካለ እጁን ያውጣ።

የኛ ቤት ኮምፒዩተር የተገዛው በ2016 ነው (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። 8 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክና ስድስተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር አለው። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ታላቋ ልጃችን የቤት ሥራዋን ትሠራበታለች፣ አባቷ ቢል ይከፍልበታል፣ እሁድ ማታ አገር ቤት ካሉት አያታቸው ጋር እንተያይበታለን። የ12 ዓመቱ ልጄ ደግሞ ማይንክራፍት ይጫወትበታል።

የሚጫወተው ከማን ጋር መሰላችሁ? ስቶክሆልም ከሚኖረው ከወንድሜ ልጅ ጋር ነው። ቅዳሜ እዚህ ሜሪላንድ በኛ አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ እዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። የኔው ልጅ ስዊድንኛ አያውቅም፤ የአጎቱ ልጅ ደግሞ እንግሊዝኛው ገና ነው። ስለዚህ የሚግባቡት በአማርኛ ነው። «ቆይ ጠብቀኝ!» «ወደ ግራ ና!» «ኧረ እንዳትወድቅ!» ሲባባሉ ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ኮምፒዩተሩ ተንቀርፍፎ ጨዋታው ሲቋረጥ አማርኛውም አብሮ ይቋረጣል። ስለዚህ «ጌም ነው፣ ይቅርበት» ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። በሌላ በኩል ልጄ ያሳየኝ አዲስ ኮምፒዩተር ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። የቤት ኪራይ አለ፣ ለአያታቸው የሚላክም አለ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለ? ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። እኛም መጀመሪያ የታመመው የትኛው ክፍል እንደሆነ ለማወቅ ቁጭ አልን።

ልጆች፣ ኮምፒዩተርን እንደ ወጥ ቤት አስቡት። ፕሮሰሰሩ ወጥ ሠሪው ነው። ሚሞሪው ሽንኩርት የሚከተፍበት ጠረጴዛ ነው። ሃርድ ዲስኩ ሁሉም ነገር የሚቀመጥበት ጓዳ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ የተሠራውን አሳምሮ ገበታ ላይ የሚያቀርበው ነው። ጠረጴዛው ከጠበበ ወይም ወደ ጓዳ መመላለሱ ከበዛ፣ ወጥ ሠሪው ጎበዝ ቢሆንም ምሳ ይዘገያል።

ማን እንደዘገየ ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ጌሙ እየሠራ ሳለ አየነው። ጌሙ ሲከፈት ዲስኩ 100 በመቶ ደረሰ፤ ሚሞሪውም ከ90 በመቶ በላይ ተይዟል። ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ተጨናነቀ። ወጥ ሠሪው ግን እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል!

መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን ሞከርን። ማይንክራፍት ዓለሙን የሚከፋፍለው ቸንክ በሚባሉ፣ ጎናቸው 16 በ16 ብሎክ በሆኑ ቁራጮች ነው። ልጄ ወደ ሩቅ እንዲያሳየው 16 ቸንክ ላይ አድርጎት ነበር። ይህ ማለት በየአቅጣጫው 16፣ የቆመበት ደግሞ 1፣ ባጠቃላይ 33 በ33 ወይም 1,089 ቸንክ ነው። ወደ 8 ስናወርደው 17 በ17፣ ማለትም 289 ሆነ። አምስት ሳንቲም ሳናወጣ ሥራው ከሩብ ትንሽ ወደሚበልጥ ወረደ። የማባዛት ሠንጠረዥ ምን ይሠራል የምትሉ ልጆች፣ ሰማችሁ?

ቀጥሎ ልጄ «ላግ» የሚለውን ነገር ለሁለት ከፈልነው። ሥዕሉ ራሱ ሲቆራረጥ ችግሩ ከኮምፒዩተሩ ነው። ሥዕሉ ጥሩ ሆኖ የአጎቱ ልጅ ዘግይቶ ሲንቀሳቀስ ግን መንገዱ፣ ማለትም ኢንተርኔቱ ነው። ውድ ኮምፒዩተር ብንገዛም ስቶክሆልም አይቀርብም። በዋይፋይ ፈንታ ኮምፒዩተሩን በኬብል ስናገናኘው መዘግየቱ ተሻለ። ሌላም አለ። የኛ ስክሪን ሥዕል የሚቀይረው በሰከንድ 60 ጊዜ ነው። በሰከንድ 200 ሥዕል የሚያወጣ ማሽን ብንገዛ፣ ስክሪኑን ካልቀየርን ትርፉን አናየውም።

ከዚያ ወደ ግዢው መጣን። የቆየው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። ኤስኤስዲ የሚባለው ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው በጣም ይፈጥናል። እሱን ገዛን፤ ነገ ኮምፒዩተር ብንቀይር ነቅለን ይዘነው እንሄዳለንና። ሚሞሪውንም ወደ 16 ጊጋባይት አሳደግነው። የኛው ዲዲአር 4 የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ዲዲአር 5 የሚቀበል አዲስ ማሽን ላይ አይገጥምም። ስለዚህ ያገለገለ ፈልገን በርካሽ ገዛን።

ግራፊክስ ካርዱን ግን ተውነው። ምክንያቱን ስሙኝ። የማሽናችን ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት ብቻ ነው፤ ልጄ የመረጠው ካርድ ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል። ፓወር ሰፕላዩን ልቀይር ስትሉ ሳጥኑ ይጠብባል። ሳጥኑን ስትቀይሩ... መጨረሻ የለውም! ደግሞም የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው፤ የኛው ስድስተኛ ነው። ማይክሮሶፍት እስከ ኦክቶበር 2026 ባወጣው ተጨማሪ የደኅንነት ፕሮግራም ተመዘገብን። ባንክ የምንገባበት ኮምፒዩተር ስለሆነ ይህ ከጌም በፊት የሚመጣ ነገር ነው። ዕድሜው ላለቀ ማሽን ብዙ ገንዘብ ማውጣት ለዘመመ ጎጆ የብረት በር እንደ መግጠም ነው።

አልደብቃችሁም፣ ልጄ የሚመኘው ትልቁ ጌም ዛሬም እዚህ ማሽን ላይ አይከፈትም። ሲሰማ ከፍቶት ነበር። ግን ምርመራውን አብሮ ስለሠራ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ «እምቢ ስላላችሁኝ ነው» አላለም። አሁን ለአዲሱ የሚጠራቀምበት ቆርቆሮ አለን፤ ክረምት የጎረቤት በረዶ ጠርጎ ያገኘውን ራሱ ጨምሮበታል። የቅዳሜው ጨዋታም ሳይቋረጥ ቀጥሏል።

ልጆች፣ አዲስ ኮምፒዩተር ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ወላጆቻችሁ ሂዱ፤ በአማርኛ! የዘገየው የትኛው ክፍል ነው? ያለ ገንዘብ ምን ማስተካከል ይቻላል? የምንገዛው ዕቃ ነገ ወደ ሌላ ማሽን ይሻገራል?

ወላጆች፣ እናንተም «ጌም ብቻ!» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ከማን ጋር እንደሚጫወቱና በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ ስሙ። ከዚያ ዋጋውን ብታሰሉት ይሻላል።

መልካም ሰንበት!