እንግዳ ሳይደርስ ቤት ማሰናዳት

በጎጃም መንገደኛ ሲመሽበት ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ» ይላል። ባለቤቱም ከወዴት እንደ መጣ ከመጠየቁ በፊት እግሩን ያጥብለታል፤ እሳት ዳር ያስቀምጠዋል፤ ካለውም ያቀርብለታል። ይህ መልካም ልማድ ለሰው ብቻ የተሠራ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ወደ ቤታችን ያስገባነው ፍጥረት ሁሉ፣ አፍ ባይኖረውም፣ ከእኛ ዘንድ ይህንኑ ይጠብቃል።

እኔ ይህን በግልጥ የተረዳሁት ደብረ ማርቆስ ላይ 50 የሆሮ ዘር ጫጩቶችን በተቀበልን ጊዜ ነው። ግማሹን ዋጋ የከፈለችው ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ነበረች፤ ገንዘቡም ለልጅዋ ደብተርና ጫማ ብላ ያጠራቀመችው ነበር። እንግዲህ የጫጩቶቹ መኖርና መሞት ለእርስዋ ቀላል ነገር አልነበረም።

የሆሮ ዶሮ ከዓባይ ማዶ ከወለጋ ደጋ የተገኘ የአገራችን ዘር ነው፤ በቢሾፍቱ የሚገኘው የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከልም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ በመምረጥ ሲያሻሽለው ቆይቷል። ጎጃምም ብትሆን በዘር ድኻ አይደለችም፤ የጥሊሊና የደብረ ኤልያስ ዶሮዎች በተመራማሪዎች ዘንድ በየስማቸው የታወቁ ናቸው።

ጫጩት በ21ኛው ቀን ገደማ እንቁላሉን ሰብሮ ከመውጣቱ በፊት የአስኳሉን ትራፊ ወደ ሆዱ ያስገባል። ይህም ስንቅ ሁለት ሦስት ቀን ያህል ያቆየዋል። አሜሪካኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1918 ጀምሮ የአንድ ቀን ጫጩት በፖስታ ለመላክ የቻሉት በዚሁ ምክንያት ነው። የእኛዎቹም ቀዳዳ ባለው ካርቶን ሆነው የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ አቋርጠው መጡ። ስንቅ ግን መንገድ ያሻግራል እንጂ ኑሮ አይሆንም።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የምትበልጥ ብርዳም ከተማ ናት። ጫጩት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይሻል፤ ላባ እስኪያወጣ ድረስ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልምና። ስለዚህ ጎረቤቴ ካርቶኑ ሳይደርስ ክፍሉን አሞቀች፤ ዙሪያው በጭድ የተጠቀጠቀ ሣጥን አዘጋጀች፤ ውሃውንም ለብ አደረገች። አንድ መንገደኛ አይቶ «ለጫጩት ይህ ሁሉ ድግስ!» ብሎ ሳቀባት። እርስዋ ግን መልስ ሳትሰጥ ሥራዋን ቀጠለች።

ካርቶኑ ሲከፈት 47ቱ በሕይወት ነበሩ። እያንዳንዱን በእጅዋ ይዛ መንቁሩን ውሃ አስነካችው፤ ጥሬ የበተነችላቸውም ከጠጡ በኋላ ነው። በዚያው ሌሊት መብራት ጠፋ። ጫጩቶቹ ግን በጭዱ ሣጥን ውስጥ ተጠጋግተው በገዛ ሙቀታቸው አደሩ። ሲነጋ ብንቆጥራቸው 47ቱም ነበሩ፤ ጎረቤቴም ነጠላዋን ፊትዋ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ ሥራዋ መመልከት ሆነ። ከሙቀቱ ሥር ከተከመሩ በርዷቸዋል፤ ከሸሹት ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው ከጫሩ ተስማምቷቸዋል። ከግቢው አሮጌ ዶሮዎችም ለየቻቸው፤ ፈንግል እንዳይዛቸው፣ ትልልቆቹም እንዳይነክሷቸው። አጥር መሥራትም ከፍቅር የሚቈጠርበት ጊዜ አለ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ደግ ሰው መባል የሚወድ ብዙ ነው፤ እንግዳው ሳይመጣ የሚዘጋጅ ግን ጥቂት ነው። ከሩቅ አገር ለትምህርት ወደ ከተማህ የሚመጣ ልጅ ቢኖር እርሱም ከእናቱ ቤት የያዘው ስንቅ የጥቂት ቀን ነው። «ደኅና ነህ?» ብለህ አትለፈው፤ ውሃው የት እንደሚቀዳ፣ እንጀራ የት እንደሚገኝ አሳየው። አንተ የምትወደውንም ሳይሆን እርሱ የጎደለውን አስተውለህ ስጠው። ርኅራኄ በአፍ ሲነገር ቀላል ነው፤ ብርድ ሳይገባ ጭድ የሚጠቀጥቅ እጅ ግን ነፍስ ያድናል።