ለአንድ ገበጣ አራት ወረቀት

ከእናንተ መካከል ገበጣን የማያውቅ ጥቂት ነው ብለን እናምናለን። ገበጣ ለመጫወት መሬት ላይ ጉድጓድ መቆፈርና ጠጠር መልቀም ይበቃ ነበር፤ ወረቀት አምጡ ያለ ሰው አልነበረም። እኛ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በምንሠራበት ሰፈር ማትናስ ውስጥ ወላጆችና አያቶች ከልጆች ጋር በሳምንት አንድ ቀን ገበጣ የሚጫወቱበትን ሰዓት ለመክፈት ስናስብ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የተጠየቅነው ወረቀት ነው። በ2020 መጨረሻ በተጀመረው በጹር እስራኤል ዘመቻ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጡ ቤተሰቦች ከመርከዝ ክሊታ ወጥተው ወደ ሰፈሩ የሚገቡበት ጊዜ ነበር።

ወረቀቱን ጻፍን። በዕብራይስጥ 11 ገጽ ሆነ። የጨዋታው ታሪክ፣ ሕጉ፣ የገበጣው ልክ፣ ወጪው፣ ዓላማው ሁሉ በአንድነት ታጭቆበታል። በኮሌጅ የተማርነውን ያሳየንበት ስለመሰለን እንኮራበትም ነበር። ይህንኑ አንዱን ወረቀት ገንዘብ ለሚፈቅደው ቢሮ ላክን፣ ለአናጢው ሰጠን፣ አባዝተንም ለልጆቹና ለወላጆቹ አደልን።

ስሕተታችን መጀመሪያ የታየው በአናጢው ሥራ ነው። ከ11 ገጽ ውስጥ እሱን የሚመለከተው ሦስት መስመር ሲሆን፣ እሱም የጣውላውን ርዝመትና የጉድጓዶቹን ቁጥር ብቻ ይናገራል። ጉድጓዶቹን ቆንጆ አድርጎ፣ ግን አውራ ጣት በምታህል ስፋት ቀረጻቸው። በአንዱ ጉድጓድ አሥር ጠጠር ሲጠራቀም ወደ ጎረቤቱ እየፈሰሰ የማን እንደሆነ የማይለይ ሆነ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

የባሰው የመጣው በተከፈተበት ቀን ነው። አንድ አያት ከ10 ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ ዕብራይስጡን አቀላጥፎታል፤ አያቱ ገና ኡልፓን ላይ ናቸው። ልጁ ወረቀቱን አንሥቶ ያነባል፣ ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ «አባባ፣ ጠጠሩን አንድ በአንድ ያድሉት ይላል» እያለ ያስረዳቸዋል። አያቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡት። ከዚያም «እኔ ከብት ስጠብቅ የተጫወትሁት ነው ልጄ፤ እንግዲህ ወረቀቱ ያጫውትህ» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

እኛ ይህን ሥራ ያሰብነው ስለምን ነበር? የመብራቱን ሒሳብ የሚያነበው ልጅ ነው። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ የሚያስረዳው፣ ሐኪሙ ያለውን የሚተረጉመው ልጅ ነው። አባትና አያት በገዛ ቤታቸው ጠያቂ ሆነዋል። እንግዲያው በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ አያት አስተማሪ፣ ልጅ ተማሪ የሚሆንበት ቦታ ይኑር ብለን ነበር። ያንን ቦታ በራሳችን ወረቀት ለልጁ መልሰን ሰጠነው።

ከዚህ በኋላ ጨዋታ መፍጠር ሙያቸው የሆኑ ሰዎች እንዴት እንደሚጽፉ ማንበብ ጀመርን። በኮምፒዩተር ጨዋታ ሥራ ውስጥ የጨዋታውን ነገር ሁሉ የያዘ ወፍራም ጥራዝ መጻፍ የተለመደ ነበር። ችግሩ የሚያነበው መጥፋቱ ነው። ስቶን ሊብራንዴ የተባለ አሜሪካዊ የጨዋታ ነዳፊ እ.ኤ.አ. በ2010 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ የባለሙያዎች ጉባኤ ላይ፣ ንድፍን ሥዕል ባለበት በአንድ ገጽ ላይ ስለማስፈር ንግግር አድርጎ ነበር። ሌላም የወሰድነው ልማድ አለ። ሕጉን ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ፣ አፍን ዘግቶ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ለማኅበራዊ ሠራተኛ አፍ መዝጋት ቀላል እንዳይመስላችሁ!

ገበጣ አይተው የማያውቁ ሁለት ልጃገረዶች አስቀምጠን ለልጆች ያዘጋጀነውን አንድ ገጽ ሰጠናቸው። መጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ ተራው ያበቃል ይላል። የአንደኛዋ ጠጠር ግን የወደቀው ሌሎች ጠጠሮች ባሉበት ነው። ወረቀቱን አገላበጡት፣ ወደ እኛ አዩ፣ እኛ ወደ መስኮቱ አየን። ያንን ጉድጓድ አፍሶ ማደሉን መቀጠል እንደሚገባ ለእኛ ግልጽ ስለነበረ አልጻፍነውም ነበር። እንዲህ ያለ የጎደለ ነገር በዚያ ገጽ ላይ አምስት ቦታ አገኘን።

የአናጢው ወረቀት ሥዕልና ቁጥር ብቻ ሆነ። ጉድጓዱ 12 ጠጠር ይዞ ከአፉ በታች ይቅር የሚል፣ ከ3 ዓመት በታች ሕፃን ላለበት ቤት ደግሞ በሕፃን አፍ የማይገባ ትልቅ ጠጠር ይዘጋጅ የሚል ነው።

ለአያቶቹ ምን እንጻፍ በሚለው ላይ ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቹ አማርኛም አያነቡም፤ ትግርኛ የሚቀናቸውም አሉ። በዚያ ላይ ሕጉ ራሱ አንድ አይደለም። አንዱ በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4፣ በጠቅላላው 48 ጠጠር ይላሉ። ሌላው በሦስት ረድፍ 18 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 3፣ በጠቅላላው 54 ነው ብለው ይቆጣሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ከቦታ ቦታ የሚለያዩ እጅግ ብዙ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። እኛ በዕብራይስጡ ወረቀት አንዱን መርጠን ሌላውን ሰርዘን ነበር። በመጨረሻ ለአያቶቹ ምንም ሳንጽፍ፣ በልጆቹ ገጽ ጀርባ ላይ ባዶ መስመሮች ተውን፦ በአያትህ አገር ስንት ረድፍ ነበር? ማን ይጀምራል? በምን ይጫወቱ ነበር? ልጁ ቤት ሄዶ ሳይጠይቅ ወረቀቱ አይሞላም፤ ጨዋታውም አይጀመርም።

የቢሮውን ወረቀት ነገር ስንጽፍ እናፍራለን። በ11ዱ ገጽ ውስጥ «ልጆቻቸውን የማሳደግ ችሎታ የሚጎድላቸው ቤተሰቦች» የሚል ቃል ነበረበት። ገንዘብ በእንዲህ ያለ ቃል ቶሎ ይገኛል ብለን ነው። ወረቀቱን ለሁሉም ስላደልን አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ለእናቷ አነበበችላት። እናቲቱ በማግሥቱ መጥታ «ስድስት ልጆች አሳድጌአለሁ፤ ይህን የጻፈው ማን ነው?» አለችን። እኛ ነን አልናት። ሌላ የምንለው አልነበረንም።

አዲሱን የቢሮ ወረቀት ወደ ዕብራይስጥ ከመመለሳችን በፊት በአማርኛ ለወላጆቹ አነበብንላቸው። ያ ቃል ወጣ። ጨዋታው የልጆችን የሒሳብ ውጤት ያሻሽላል የሚለውም ወጣ፤ የምንለካበት መንገድ አልነበረንምና። የቀረው የቤተሰቡ ብዛት፣ የሳምንቱ ቁጥር፣ የገበጣው ዋጋና «የሚያውቁትን ጨዋታ ለልጆቻቸው የሚያስተምሩበት ቦታ የሌላቸው» የሚል ነው። ቢሮው ከጠየቅነው ያነሰ ፈቀደ። በፊተኛው ቃል ቢሆን የበለጠ ይገኝ ነበር ያሉን የሥራ ባልደረቦች አሉ፤ ሳይሳሳቱም አይቀሩም። ከእናንተም ስለ ቤተሰባችሁ ወረቀት የሚጻፍላችሁ ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት በአማርኛ ይነበብልን በሉ። የሚያነበው ልጃችሁ አይሁን፤ እኛን ጥሩን።

ከዘራቸውን ይዘው የወጡት አያት በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ልጁ ባዶዎቹን መስመሮች ሞልቶ ይዟል። አማርኛ መጻፍ ስለማይችል የአያቱን ቃል በዕብራይስጥ ፊደል ነው የጻፈው። ሦስት ረድፍ፤ የሚጀምረው በፊተኛው ቀን የተሸነፈ። በምን ይጫወቱ ነበር ከሚለው አጠገብ ግን መስመሩ ባዶ ነው። ለምን እንዳልሞላው ስንጠይቀው ወደ አያቱ አየና አፈረ።

«ንገራቸው እንጂ» አሉ አያቱ እየሳቁ፣ «ጠጠር ሲጠፋ በፍየል በጠጥ ነበር!»

ይጻፍ አልነው፤ ጻፈው። ለቢሮው በላክነው ሪፖርት ላይ ግን አልጨመርነውም።