ከምንጣፉ ሥር



በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ኪራይ፣ ስለ ፈተናና ስለ አገር ናፍቆት ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ስለ አንድ አሮጌ መኪና የዕቃ መጫኛ ክፍል ነው። «ሕክምና ሊማር የተላከን ልጅ ከላሜራና ከብየዳ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጓደኛ ቢኖር፣ ፍርዱን እስከ መጨረሻው እንዲያቆይልኝ እለምናለሁ።

ዱባይ ደርሶ ኢንተርናሽናል ሲቲን ያልረገጠ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ከድራጎን ማርት አጠገብ የተዘረጋው ይህ መንደር በአገሮች ስም ተከፋፍሏል፤ ቻይና፣ ፋርስ፣ ሩሲያ፣ ሞሮኮ፣ እንግሊዝ፣ ግሪክ እያለ ይሄዳል። ኢትዮጵያ የሚል ክፍል የለውም። ቢሆንም በዕረፍት ቀን የሞሮኮን ደረጃ ሲወጡ የሚሸተው የሚቆላ ቡና ነው። የዚህን ጽሑፍ ባለታሪክ የተዋወቅሁትም እዚያው፣ በአንድ የአገር ልጅ ቤት ቡና ላይ ነበር። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለ ለመኑኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል፤ ወደዚህ አገር ከመምጣታቸው በፊትም በኋላም ሥራቸው ሾፌርነት ነው።

ጋሼ አንድ እርሻ ጥግ ቆሞ የከረመ ላንድክሩዘር በርካሽ ገዝተዋል። መኪናው ቶዮታ ከ1960 እስከ 1984 (እ.ኤ.አ.) ከሠራው ከ40ኛው ተከታታይ ወገን፣ ኋላው ረዘም ያለውና በቤንዚን የሚሠራው ነው። ከኋላ ሁለት አግዳሚዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ የአዲስ አበባን «ውይይት» ታክሲ ያየ ወይም ከታላላቆቹ የሰማ ሰው አቀማመጡን ያውቀዋል። አግዳሚዎቹ ወደ ግድግዳው ሲታጠፉ ግን መካከሉ ሰው የሚያስተኛ ወለል ይሆናል። ሞተሩን ሌላ ሰው አድሶታል፤ የቀረው ይህ ወለል ነበር። ጋሼ በሻርጃ ኢንዱስትሪ አካባቢ ከሚገኝ ጋራዥ አንድ ጥግ ተከራዩ። ሻርጃ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ስለምታርፍ፣ እኔም አንዱን ቀን ላግዛቸው ተስማማሁ። «ዶክተር፣ እጅህ ስፌት ከመልመዱ በፊት መዶሻ ይልመድ» አሉኝ።

መኪናው ወደ አገር ቤት ሊገባ እንደማይችል ሁለታችንም እናውቃለን። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። «ታዲያ ይህን ያህል የምንደክመው ለማን ነው?» ብላቸው «ሥራው ይለቅ» ብለው አለፉኝ።

ላይ ላዩን ሲያዩት የኋላው ክፍል ጤነኛ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ግራጫ ምንጣፍ በማጣበቂያ ለጥፎበታል። ቡሎኖቹን በዘይት አርሰን፣ እንቢ ያሉትንም በእሳት አሙቀን አግዳሚዎቹን አወጣን። ምንጣፉን ስንገሸልጠው ከሥሩ የተገኘው ሲሚንቶ የመሰለ አሸዋና እንደ ቅርፊት የሚላጥ ብረት ነው። እዚህ አገር ዝናብ ስለሌለ ዝገት የለም የሚል ተሳስቷል። የባሕሩ አየር ጨውና እርጥበት አለው፤ በየጥጉ የተጠቀጠቀው አሸዋ እርጥበቱን ይይዛል፤ ምንጣፉ ደግሞ እንዳይደርቅ ይከለክላል። ውኃ እንዲወጣባቸው ከፋብሪካ የተተዉት ቀዳዳዎችም በማጣበቂያው ተደፍነው ነበር።

ጋሼ ምርመራውን የሚያካሂዱት በትንሽ መዶሻ ነው። ጤነኛ ላሜራ ሲመታ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። በዚህ ጊዜ የክፍል ትምህርቴ ትዝ አለኝ። የሕመምተኛን ደረት በጣት እየመቱ ማዳመጥን በ1761 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረን ኦስትሪያዊው ሐኪም ሌኦፖልድ አውንብሩገር የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ነበር፤ ብልሃቱንም ያገኘው አባቱ የወይን በርሜል ሲመታ አይቶ ነው ይባላል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ «እንግዲያው እኔም ሐኪም ነኛ!» ብለው ሳቁ።

ከምርመራው በኋላ ሕጉ አንድ ነው፤ የሚያበራ ብረት እስኪገኝ ድረስ መቁረጥ። ቀዶ ሐኪምም የሞተ ሥጋ ሲያነሣ የሚያቆመው ደም የሚያወጣው ሥጋ ላይ ሲደርስ ነው። በተቆረጠው ፈንታ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ላሜራ ይተካል። ብየዳው ባንድ ጊዜ አይዘለቅም፤ እዚህ ነጥብ፣ እዚያ ነጥብ እየተባለ ይሠራል፤ አለዚያ ሙቀቱ ላሜራውን ያጣምመዋል። ከዚያ አንቲራስት ይቀባል፣ መጋጠሚያው ይታሸጋል፣ ቀለሙ መጨረሻ ነው።

ጥፋቴን ልናገር። ፈተና በተቃረበበት አንድ ቅዳሜ ጋሼ ዕቃ ሊገዙ ወጥተው ብቻዬን ነበርሁ። በግራው ጎማ ጉብታ ላይ የጣት ስፋት ያላት ቀዳዳ ቀርታለች። ቆርጦ መበየዱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስቱኮ ሞላሁባት፤ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ቀለም ቀባኋት። ከአጠገቧ ካለው ላሜራ አትለይም፤ እንዲያውም በሥራዬ ኮራሁ። ጋሼ ተመልሰው በመዶሻቸው ሲነኳት ድምፁ ታፈነ። አልተቈጡም። መሮ አንሥተው ስቱኮውን ፈነቀሉት፤ ከዚያም ወለሉ ላይ ተቀምጠው ተናግረውት የማያውቁትን ነገሩኝ።

በ1977 ዓ.ም. የረኃብ ጊዜ ጋሼ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሆነው ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ላንድክሩዘር ይነዱ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናትንና ሰባት ዓመት ገደማ የሆነውን ልጇን ከቆቦ ጭነው በወልድያ በኩል ወደ ደሴ ሐኪም ቤት ተነሡ። ልጁን ከአግዳሚዎቹ መካከል ወለሉ ላይ አስተኙት። አቧራ እንዳይገባ በሩም መስኮቱም ተዘጋ። ወለሉ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ያውቃሉ፤ ካርቶንና ምንጣፍ ደርበውበታል። መንገድ ላይ እናቲቱ ራሴን አለች፤ አስመለሳት። ደሴ ደርሰው በሩን ከፈቱ።

«ልጁ ፊቱ ቀልቶ ነበር» አሉኝ። «ያ ገርጥቶ የነበረ ልጅ ደም የገባው መስሎኝ፣ ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። ስነካው ሞቷል። ዶክተር፣ ፊቱ ለምን ቀላ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ተዘጋው ክፍል ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። መጀመሪያው ራስ ምታትና ማስመለስ ነው። መቅላቱ ሁልጊዜ አይታይም፤ ሲታይም ብዙውን ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ «ረኃቡ ነው ጋሼ፤ ልጁ አስቀድሞ ተዳክሞ ነበር» አልኋቸው። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ግን ስቱኮ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ከአርባ ዓመት በኋላ እውነቱን መስማት ለአንድ ሽማግሌ ምን ይጠቅማቸዋል? እያልሁ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። ነገር ግን እኔ አልነበርሁም ያነሣሁት፤ እርሳቸው ናቸው የጠየቁኝ፤ የጠየቁኝም ያውቃል ብለው ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉንም ነገርኋቸው። ረኃቡ ይሁን ጭሱ፣ ወይስ ሁለቱም፣ ዛሬ ማንም ሊለየው እንደማይችልም አልደበቅሁም።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ መዶሻውን አቀበሉኝና «ከዳር እስከ ዳር ምታው፤ እኔ ልስማ» አሉ። እየተንበረከክሁ መታሁት። አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን አነሡ። እዚያ እንደ ገና ቆረጥን።

ወገኖቼ፣ እኛም ስቱኮ መሙላት ለምደናል። የወደቅንበትን ፈተና ለወላጆቻችን በስልክ እናለሰልሳለን፤ በማኅበራችን ስብሰባም የከሸፈውን ሥራ «በመጠናቀቅ ላይ ነው» ብለን ሪፖርት እናቀርባለን። ነገ ደግሞ በሽተኛ ፊት እንቆማለን። ያን ጊዜ ለሚጠይቀን ሰው የምንሰጠው መልስ ዛሬ የምንለማመደው ነው።

መኪናው ባለፈው ወር አለቀ። የውኃ መውጫዎቹ ተከፍተዋል፤ አግዳሚዎቹ በቦታቸው ገብተው ይታጠፋሉ። ወለሉ ላይ የጎማ ምንጣፍ አነጠፍን። ታፒሴሪው በማጣበቂያ ሊለጥፈው ነበር፤ ጋሼ ከለከሉት። በአራት ቡሎን ብቻ ነው የተያዘው። የፈለገ ሰው ፈቶ ከሥሩ ያለውን ማየት ይችላል።